መሬት ሲናጥ የሚመዘግበው መረብ፦ አመሠራረቱ፣ አሠራሩና የይፋት ቆላ ጉዳይ

1. ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ሥራ

ርዕደ መሬት በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማው ዜና ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ንዝረቱ የት እንደተነሣና በሬክተር ስኬል ስንት እንደተለካ። ሁለቱንም የሚነግረን ሲስሞግራፍ ነው። ይህ መሣሪያ ከዓለም ዳር የተነሣን ንዝረት ሳይቀር እንዲያነብ ተደርጎ የተሠራ እጅግ ስስ መሣሪያ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ስስነቱ ይመጣል። ብርቱ ርዕደ መሬት አጠገቡ ሲነሣ ንዝረቱ ከልኩ ያልፍና መስመሩ ጫፉ ተቆርጦ ይቀራል። ቤት የሚፈርሰው ደግሞ በዚያው ሳይነበብ ባለፈው ጊዜ ውስጥ ነው።

መሐንዲስ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። «መጠኑ 6 ነው» የሚለው ስለ ርዕደ መሬቱ የተሰጠ አንድ ቁጥር ነው፤ ሕንፃው ግን የቆመው በአንድ በታወቀ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ነው። ምሰሶውን የሚያሰላ ሰው መሬቱ እዚያው ቦታ ላይ በምን ያህል ኃይል ወደ ጎን እንደተገፋ፣ በየስንት ሰከንዱ እንደተመላለሰ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ማወቅ አለበት። የዚህ ልኬት መነሻ የመሬት ስበት ሲሆን በሙያው ቋንቋ «ጂ» ይባላል። 0.1 ጂ ማለት በግርድፉ የክብደቱን አንድ አሥረኛ የሚያህል ኃይል በሕንፃው ጎን መጣበት ማለት ነው።

ይህን የሚመዘግበው መሣሪያ አክሰለሮግራፍ ነው። ለሩቁና ለደካማው ንዝረት ደንታ የለውም፤ ብርቱውን ግን ሳያጓድል ይጽፋል። አንድ መሣሪያ መናገር የሚችለው ስለቆመበት ቦታ ብቻ በመሆኑ ብዙዎቹን በአንድ ሥርዓት ማስተሳሰር ግድ ሆነ። አገራዊ የብርቱ ንዝረት መመዝገቢያ መረብ የሚባለው ተቋም የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው።

2. ከአደጋ በኋላ የሚያድግ ተቋም

የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የጂኦዴቲክ ሰርቬይ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች በካሊፎርኒያ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1933፣ የሎንግ ቢች ርዕደ መሬት ደረሰና መሐንዲሶች የብርቱ ንዝረት ቅጂ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ገባ። በግንቦት 1940 በኤል ሴንትሮ ከተማ የተገኘው ቅጂ ደግሞ ከፍተኛ ልኩ የመሬት ስበትን ሲሶ ያህል ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት በየአገሩ ያሉ መሐንዲሶች ሕንፃቸውን በወረቀት ላይ ሲፈትኑ የሚጠቀሙት ይህንኑ አንድ ቅጂ ነበር።

የድሮው መሣሪያ አሠራር ቀላል ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ክብደትና መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ፊልም ላይ ይጽፋል። ፊልም እንዳያልቅ መሣሪያው ተኝቶ ይቆይና ንዝረቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ይነቃል። በዚህ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ሁልጊዜ ይጎድሉ ነበር። ከአደጋው በኋላ አንድ ቴክኒሻን ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ፊልሙን ይሰበስባል፣ ያጥባል፣ ያነባል። የዛሬው ዲጂታል መሣሪያ ሳያቋርጥ ይለካል፣ ሰዓቱን ከሳተላይት ይወስዳል፣ ከመናወጡ በፊት የነበሩትን ሰከንዶችም ጭምር ያስቀምጣል።

የተቋሙ የዕድገት ደረጃ ሁሉ አንድ አደጋ ተከትሎ የመጣ ነው። በ1971 የሳን ፈርናንዶ ርዕደ መሬት ሲደርስ በፓኮይማ ግድብ አጠገብ የነበረው መሣሪያ ከ1 ጂ በላይ መዘገበ፤ በጊዜው መሬት ይህን ያህል ይገፋል ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ ጥቂት ነበር። በማግስቱ ዓመት ካሊፎርኒያ የራሷን የመመዝገቢያ ፕሮግራም በሕግ አቋቋመች፤ ገንዘቡም ከግንባታ ፈቃድ ላይ ከሚቆረጥ አነስተኛ ክፍያ እንዲመጣ ተደረገ። ቱርክ መረቧን መዘርጋት የጀመረችው በ1973 ነው።

በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ከርዕደ መሬቱ መነሻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ ብዙ ሕንፃዎቿ ፈረሱ። ምክንያቱን ያስረዱት ቅጂዎቹ ናቸው፤ በጥንቱ የሐይቅ ደለል ላይ የነበረው መሣሪያ 0.17 ጂ ገደማ ሲመዘግብ በጠንካራ መሬት ላይ የነበረው የዚያን ሩብ እንኳ በቅጡ አልሞላም። አንድ ከተማ፣ አንድ ርዕደ መሬት፣ ሁለት የተለያየ አደጋ ማለት ነው። ጃፓን ደግሞ በ1995 የኮቤው አደጋ ከ6,000 በላይ ሰው ከፈጀባት በኋላ በማግስቱ ዓመት 1,000 ያህል ጣቢያዎች ያሉትን ኬኔት የተባለ መረብ ሥራ አስጀመረች። በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ያኔ በአማካይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ቅጂው ለፈለገ ሁሉ ክፍት መሆኑ ከመሣሪያዎቹ ብዛት የማይተናነስ ለውጥ ነበር።

3. የአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪ

በእኛ አገር የርዕደ መሬት ልኬት የጀመረው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 አጋማሽ እስከ 1958 መጨረሻ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታሰብ አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ታየና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ፣ አራት ኪሎ፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ሲስሞግራፉ ከመግነጢሱ ልኬት ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጣቢያው አሜሪካ የኑክሌር ሙከራን ለመከታተል ጭምር በዓለም ዙሪያ ከዘረጋችው፣ 120 ያህል ጣቢያዎች ካሉት መረብ ጋር ተቀላቀለ።

ይህ አመጣጥ የተቋሙን መልክ ወስኖታል። ዓላማው ሳይንስ ነበር፤ ንዝረት ከየት እንደተነሣ ማወቅ፣ ለዓለም ማዕከላት መላክ፣ መዝገብ መያዝ። በዚህ በኩል የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው። የኦብዘርቫቶሪው መሥራች ፒየር ጉዋን ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከሚሲዮናውያን ደብዳቤ ለቅመው ያዘጋጁት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለውን የያዘ በመሆኑ እስከዛሬ የሚጠቀስ መነሻ ነው። በ1830ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. አንኮበር ላይ መሬት ተንዶ ቤቶች መጥፋታቸውን፣ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ በኩል የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባን ማስጨነቁን የምናውቀው በእንዲህ ያለ ልቅምት ነው።

ኦብዘርቫቶሪው አድጎ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1997 የፉሪ ተራራ ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አባል ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ ከሚዘልቀው ይፋት ቆላ በላይ ያለውን ገደል የሚመለከተው የአንኮበር ጣቢያም ተጨመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆው ላይ ለጥናት የተከሏቸው ጊዜያዊ መሣሪያዎች ትናንሽ ንዝረቶች ከሚበዙባቸው ቦታዎች መካከል የአንኮበር ገደልና የፈንታሌ–ዶፈን እሳተ ገሞራዎች መስመር እንደሚገኙ አሳይተዋል። ጥናቱ ሲያልቅ ግን መሣሪያዎቹ ተነቅለው ሄዱ።

4. ካራቆሬና ማጀቴ፣ 1953 ዓ.ም.

በዘመናዊ መሣሪያ ዘመን ይፋት ቆላ ያየው ትልቁ ርዕደ መሬት የደረሰው ኦብዘርቫቶሪው ገና ልጅ ሳለ ነው። ከግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ያለው አገር ለወራት ተናወጠ፤ ትልቁ ንዝረት መጠኑ 6.5 አካባቢ ነበር። ማጀቴ ፈረሰች። ካራቆሬ ላይ ከቤቶቹ 45 በመቶ ያህሉ ወደቁ። ከካራቆሬ በስተ ሰሜን ወደ ደሴና አሥመራ የሚወስደው ዋና መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። 5,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሕዝቡን አስደንግጧል።

ከዚያ ሁሉ መናወጥ ለመሐንዲስ የተረፈው ምን ነበር? አራት ኪሎ ያለው ጣቢያ ከካራቆሬ በአየር መስመር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መነሻውንና መጠኑን ለማወቅ ረድቷል፤ ካራቆሬ ላይ መሬቱ ስንት ጂ እንደተገፋ ግን ከዚያ ሆኖ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያዎች ወደ ቦታው ወርደው ከጉዳቱ ወደ ኋላ ማስላት ነበረባቸው፤ የትኛው ግድግዳ ወደቀ፣ የትኛው ተሰነጠቀ፣ መንገዱ የት ላይ ተቀደደ። አሥራ ሁለት ደረጃ ያለው የመርካሊ ሚዛን የሚሠራው እንዲህ ነው። ይህ ዘዴ ለታሪክ ይበቃል። የኮለን ብረት ስንት ቁጥር ይሁን ለሚል መሐንዲስ ግን ግምት እንጂ ልኬት አይሰጥም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ስትፈርስም ነገሩ ያው ነበር።

5. ከሌላ አገር በመጣ ቀመር የተጻፈ ደንብ

የሕንፃ ደንብ ግን ልኬት እስኪመጣ አይጠብቅም። ኢትዮጵያ ስለ ርዕደ መሬት የሚደነግግ የግንባታ ደንብ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኢቢሲኤስ 8 የተባለው ደንብ አገሪቱን በአደጋ ቀጠና ከፋፍሎ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ላሉት ቀጠናዎች 0.03፣ 0.05፣ 0.07 እና 0.10 ጂ ሰጠ። ስሌቱ በአማካይ በመቶ ዓመት አንዴ ይደርሳል በሚባል ንዝረት ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አዲሱ ደንብ የአውሮፓን ሥርዓት ተከትሎ ስሌቱን ወደ 475 ዓመት ወሰደው፤ የላይኛው ቀጠናም 0.20 ጂ ሆነ። አዲስ አበባ በ1995ቱ ደንብ 0.05 ነበረች፤ በአዲሱ 0.10 ሆናለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ከተማዋ ልትቋቋመው የሚገባት ኃይል በእጥፍ አደገ ማለት ነው። የተለወጠው የመሬቱ ጠባይ ሳይሆን የስሌቱ ዘዴ ነው።

እንዲህ ያለ ካርታ ለመሥራት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ያለፉት ርዕደ መሬቶች መዝገብ ነው፤ እሱን የአራት ኪሎው ተቋም አስገኝቷል። ሁለተኛው ንዝረት ከመነሻው እየራቀ ሲሄድ በምን ያህል እንደሚደክም የሚናገር ቀመር ነው። እዚህ ላይ የእኛ ባለሙያዎች በሌሎች አገሮች ቅጂ የተዘጋጀ ቀመር ለመዋስ ተገደዱ። የተዋሰ ቀመር ከምንም ይሻላል። ዳሩ ግን በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ፣ ከሥሩ ትኩስና ቀጭን በሆነ የመሬት ቅርፊት ላይ፣ ንዝረት ልክ እንደ ካሊፎርኒያ ይደክማል ብሎ ማረጋገጫ የሚሰጥ የለም። መልሱን መስጠት የሚችለው እዚሁ የተመዘገበ ቅጂ ነው።

6. መረቡ እንዴት ይደራጃል?

የብርቱ ንዝረት መረብ ያላቸው አገሮች ቤቱን የሠሩለት በተለያየ ጣሪያ ሥር ነው። በካሊፎርኒያ የጂኦሎጂ ሰርቬይ፣ በጃፓን የምርምር ተቋም፣ በቱርክ የአደጋ ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት ይይዘዋል። በጣሊያን የጀመረው የመብራት ኃይል ድርጅት ነበር፤ በኋላ ለሲቪል ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። አስተዳዳሪው ቢለያይም ሥራው በየትም ሦስት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው የመስክ ጣቢያ ነው። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ሕንፃ መታሰብ የለበትም። መሬቱ ተጠርጎ በላዩ የሲሚንቶ ወለል ይፈስሳል፤ መሣሪያው ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ በውሃ ልክ ይስተካከላል፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሰሜን ይዞራል። በላዩ ቀላል የቆርቆሮ መጠለያ፣ ከጎኑ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ባትሪና አንቴና አሉ። መጠለያው ቀላል እንዲሆን የሚደረገው ከባድ ቤት የመሬቱን እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ ነው፤ ከፎቅና ከትልቅ ዛፍ የሚርቀውም ለዚሁ ነው። ከእነዚህ ሌላ በግድብ፣ በድልድይና በፎቅ ውስጥ የሚተከሉ አሉ። በ1967 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ የኮይና ግድብ ሲናወጥ መሐንዲሶች የተማሩት በግድቡ ውስጥ ከነበረው መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ማዕከሉ ነው። ቅጂዎችን ይቀበላል፣ ያጣራል፣ ያስቀምጣል፣ ያሳትማል። የየጣቢያው አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ አብሮ መመዝገብም የእሱ ሥራ ነው፤ ይህ የሌለው ቅጂ ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጥገና ሲሆን መረቦች የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ በአንድ ጊዜ በጀት ወይም በእርዳታ ይገዛል። ባትሪ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ ሰዓቱ ይፈተሻል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ የዘበኛ ደመወዝ ይከፈላል። ብርቱ ርዕደ መሬት በሃምሳ ዓመት አንዴ ሊመጣ ይችላል፤ መሣሪያው በዚያች ሌሊት እንዲሠራ ሃምሳውንም ዓመት በሥራ ላይ መቆየት አለበት።

7. ይፋት ቆላ ላይ ቢተከል

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው ገደል መሬት ሲከፈል የተሠራ ነው። ከገደሉ ሥር ያለው ረባዳ፣ ከሸዋ ሮቢት በጀውሃና በአጣዬ አድርጎ ወደ ካራቆሬ የሚዘልቀው፣ ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ለዘመናት ያመጡት ደለል ነው። ማሾና ማሽላ የሚያበቅለው ይኸው ለም አፈር ለመሠረት ጥሩ አይደለም። የሜክሲኮ ሲቲ ቅጂዎች ያስተማሩት እዚህም ይሠራል፤ ለስላሳና ወፍራም አፈር ንዝረትን ሊያጎላ ይችላል። በምን ያህል እንደሚያጎላው ለማወቅ ጥንድ ጣቢያ ይበቃል፤ አንዱ ደብረ ሲና ወይም አንኮበር አለት ላይ፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት ደለል ላይ። መካከለኛ ርዕደ መሬት በመጣ ቁጥር ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ በቁጥር ይወጣል።

ቦታ መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ሌት ተቀን የሚያልፉት ተሳቢ መኪኖች መሬቱን ስለሚያንቀጠቅጡ ጣቢያው ከአስፋልቱ መራቅ አለበት። ከክረምት ጎርፍ ከፍ ማለት፣ ከከብት መታጠር ይኖርበታል። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግቢ አጥርም ጥበቃም ስላለው በብዙ አገር የሚመረጠው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጥገናውን ከአዲስ አበባ በሚላክ መኪና ከመጠበቅ በቅርብ ላሉት መምህራንና ቴክኒሻኖች መስጠት ይቻላል።

ጉዳዩን ከ1953 የተለየ የሚያደርገው የቤቱ ዓይነት ነው። በዚያን ጊዜ የቆላው ቤት በአመዛኙ እንጨትና ጭቃ ነበር። ዛሬ በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች በኮንክሪትና በብሎኬት ወደ ላይ እያደጉ ነው። ብሎኬት ከባድ ነው፤ ክብደት በጨመረ ቁጥር ርዕደ መሬት በጎን የሚያመጣው ኃይልም አብሮ ይጨምራል። በደንቡ መሠረት የታሰረ ብረት ይህን ኃይል ይሸከማል፤ ያልታሰረው አይሸከምም።

8. የ2017 ዓ.ም. ፈተናና ቀሪው ሥራ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ አለት ከመሬት በታች መሬቱን እየሰነጠቀ ሲገፋ በመቶ የሚቆጠሩ ንዝረቶች ተከተሉ። ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የተለኩት ከሁሉ ጎልተው ወጡ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፤ በአቅራቢያው ያለው የከሰም ግድብ ደኅንነት አነጋጋሪ ሆነ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሌሊት ከፎቅ ወደ ሜዳ ወረደ። የዩኒቨርሲቲው ኢንስቲትዩት ማብራሪያ ሲሰጥ፣ የመጠን ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የተጠቀሰው ከአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይና ከጀርመኑ ጂኤፍዜድ ነበር። ሕዝቡ የጠየቀው ግን ከዚያ ያለፈ ነው፤ «እኔ ያለሁበት ሕንፃ ምን ያህል ተገፋ? ሌላ ቢመጣ ይችላል?» ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከሲስሞግራፍ ሳይሆን በየከተማው ከሚተከል አክሰለሮግራፍ ነው።

አገሪቱ ይህን ተቋም ከባዶ መጀመር አያስፈልጋትም። ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የልኬት ተቋም፣ የታተመ የርዕደ መሬት ታሪክ፣ በሕግ የወጣ የሕንፃ ደንብ አላት። የጎደለው መካከለኛው ድልድይ ነው፤ መሬቱ በእርግጥ የተናጠውን በጂ ለክቶ ደንቡን ለሚያሻሽሉት መሐንዲሶች የሚያደርስ፣ ቋሚ በጀት ያለው መረብ። የካሊፎርኒያ መንገድ ለእኛም የሚሆን ነው። ከእያንዳንዱ የፎቅ ግንባታ ፈቃድ ላይ ጥቂት ብር ቢቆረጥ የመሣሪያው ጥገና ከእርዳታ ጥገኝነት ይወጣል፤ ፎቅ የሚሠራውም የሚከፍለው ለራሱ ደኅንነት ነው።

መነሻው ይፋት ቆላ ቢሆን ተገቢ ነው። 1953 ዓ.ም. ላይ የደረሰው በጂ ሳይለካ አልፏል፤ እሱን መመለስ አይቻልም። የሚቀጥለውን ለመለካት መሣሪያው አስቀድሞ መተከል አለበት። የከተማ አስተዳደሮች ቦታ ይስጡ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጥገናውን ይያዙ፣ ደንብ አውጪውም ቅጂው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይደንግግ። ቤት የሚሠራ አንባቢ ደግሞ መረቡ እስኪዘረጋ ሳይጠብቅ መሐንዲሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ንድፉ በየትኛው ቀጠና፣ በስንት ጂ ተሰላ?